ጄኔራሉ በባርት እስከ ሳን ሆዜ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ኦክላንድ

ቀጠሯችን አራት ሰዓት ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ተስፋዬ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ኮትና ከረባታቸውን ግጥም አድርገው በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ብርቱካን የሞላ ፌስታል፣ በሌላው የመጽሐፋቸውን ረቂቅ ይዘዋል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

"ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ገና አልተነሡም።"

"ማርፈድ የወታደር ወግ አይደለም፣ ልጄ።"

"እርስዎ ደግሞ መቼ ወታደር ሆኑ?"

"ከጄኔራሉ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ!"

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ፈረንሳዊ የቅኝ ግዛት ጄኔራል የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ስማቸውን መጽሐፉ ሲወጣ ታነቡታላችሁ፤ እኔ "ጄኔራሉ" ብያቸው ልለፍ። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ሰኞ ሥራ ሊጀምር የጋሼን "እሺ" ብቻ ይጠብቃል። የጎደለው የቬትናሙ ዘመን ነው። ሊን የምትባል ቬትናማዊት የሥራ ባልደረባዬ የጄኔራሉን ስም ከእኔ ስትሰማ "አያቴ ይህን ሰው ታውቀዋለች" አለችኝ። ይኸው ወደ አያቷ ቤት ጉዞ ጀመርን።

1 ሰዓት፣ ፍሩትቬል

ባርት የሚባለው የከተማ ባቡር ጣቢያ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ከድስት ትኩስ ታማሌ እያወጣች ትሸጣለች፤ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ እጅ የሚያቃጥል። ሁለት ገዛሁ። ጋሼ ከመግቢያው ማሽን ጋር ትግል ገጥመዋል።

"ካርዱን ታፕ ያድርጉት፣ ጋሼ።"

"አደረግሁት፤ እምቢ አለ።"

"ይሄ እኮ የፋርማሲ ካርድዎ ነው!"

ባቡሩ ሲነሣ ጋሼም ታሪኩን ጀመሩ፤ በየጣቢያው አንድ አንድ ምዕራፍ። ጄኔራሉ ኮሊሲየም ላይ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሳን ሊያንድሮ ስንደርስ ጦር ትምህርት ቤት ገቡ። ሄይዋርድ ላይ፣ ሴኔጋል ውስጥ፣ በወባ ከመሞት ለጥቂት ተረፉ። ዩኒየን ሲቲ ላይ ሻምበል ሆነው ጅቡቲ ሲወርዱ የጋሼ ድምፅ ለስለስ አለ።

"አባቴ የፈረሳቸው ጠባቂ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤ ጽፈው ምድር ባቡርም ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። እኛ ዘጠኝ ልጆች ድሬዳዋ ላይ ጠግበን ያደግነው በዚያች ደብዳቤ ነው።"

በስተግራ የፍሪሞንት ኮረብታዎች አረንጓዴ ለብሰዋል። ሚልፒታስ ላይ ጄኔራሉ ቬትናም ገቡ፤ ጋሼም ረቂቁን ገልጠው አሳዩኝ።

"ከዚህ በኋላ ያለኝ አንድ ገጽ ነው። 'በጀግንነት አገለገሉ' ይላል።"

2 ሰዓት፣ ሳን ሆዜ

እንደፈራሁት ሁለት ሰዓት ቀድመን ደረስን። ከጣቢያው ብዙ ሳንርቅ አንድ የቬትናም ዳቦ ቤት ገባን፤ ሥጋና ኮምጣጤ የነካው ካሮት የተጠቀጠቀበት ረጅም ዳቦ፣ አንዱ ሰባት ዶላር። ጋሼ ቆርሰው አሸተቱት። "የድሬዳዋ ዳቦ!" ብለው ከነፍርፋሪው ጨረሱት።

በኋላ የጠራሁት ታክሲ ሹፌር ሀበሻ ሆኖ ተገኘ። የምንሄድበትን ሲሰማ ሳቀ።

"ፋዘር፣ የፈረንሳይ ጄኔራል ምን ያደርግልዎታል? የኛን አይጽፉም እንዴ?"

"የእኛንማ የሚጽፍ ሞልቷል። የእሳቸውን እንጀራ የበላሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እሱስ ልክ ነዎት። ሲወጣ ኮል ያድርጉልኝ፣ ሦስት ኮፒ እወስዳለሁ።"

4 ሰዓት፣ ሊን ቤት

ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ አለ። ጫማ ማውለቅ ግድ ነው፤ ጋሼ ከሌሊት ጀምሮ የወለወሉት ጫማ በር ላይ ቀረ። የሊን አያት ትንሽዬ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደ ጋሼ እንግሊዝኛ እምብዛም ነው። ፈረንሳይኛ ሲጀምሩ ግን ሁለቱም የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ። እኔና ሊን አንዲት ቃል ሳይገባን እየተያየን እንስቃለን።

ድንገት የጋሼ ሳቅ ቆመ። አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይናገራሉ።

"ምን አሉ፣ ጋሼ?"

ብዕሩን ሰጡኝ። "አንቺ ጻፊው፤ እኔ እተረጉማለሁ። እኚህ እናት የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጄኔራሉ፣ ያኔ ኮሎኔል ናቸው፣ መንደራቸው ገብተው ለልጆቹ ከረሜላ አደሉ። በማግስቱ የሩዝ ጎተራውን አቃጠሉ። የእኚህ እናት ታላቅ ወንድም ቱዋን ይባላል። ይዘውት ሄዱ። አልተመለሰም።"

ሊን ሾርባ አቀረበች፤ ከነእንፋሎቱ፣ የሩዝ ፓስታውና የበሬ ሥጋው የሞላበት። ጋሼ ማንኪያ አላነሡም። አንጀቴን በሉት።

"የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆኔ ነው፣ ልጄ።"

ጋሼ ምን እንዳሉ አሮጊቷ ጠየቁ። ጋሼ የአባታቸውን ነገር፣ ፊደሉን፣ ደብዳቤውን አንድ ባንድ አስረዷቸው። አሮጊቷ ሾርባው ላይ የሚነሰነሰውን የናና ሳህን ወደ ጋሼ ገፋ አድርገው አንድ ነገር አሉ።

"'ከረሜላውንም ጻፈው፤ ይጣፍጥ ነበር' አሉኝ" አሉ ጋሼ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጡ። እኔም እፎይ አልኩ።

9 ሰዓት፣ የመልስ ባቡር

ረቂቁ ጭናቸው ላይ ነው። እንደምንም ደፍሬ፣ "ሰኞስ፣ ጋሼ?" አልኩ።

ስልካቸውን አውጥተው ለማተሚያ ቤቱ የድምፅ መልእክት ላኩ። "አታትሙት። አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል።"

"አባትዎ ቢኖሩ ይቆጡዎት ነበር?"

"እንጃ። ማንበብ አይደል የተማረው? አንብቦ ይቆጣኝ።"

ዕድሜያቸውን ሳስብ ፈራሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ደስ አለኝ። በረቂቁ ውስጥ ያሉትን አርባ መኮንኖች ከነማዕረጋቸው በቃላቸው ያውቋቸዋል። የመንደር ሰው ስም ግን እስከዛሬ አንድም አልነበረም። የዛሬውን ስም እኔ ጽፌላቸዋለሁ፤ ቢሆንም ወረቀቱን አላመኑትም መሰለኝ፣ እስከ ፍሩትቬል ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው "ቱዋን፣ ቱዋን" እያሉ መጡ።