ልባሽ ሻጯና የመጀመሪያው ኦፕሬሽን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ የሚበዛበት እምነቱ ነው ወይስ ጥርጣሬው? የወንድሜ ልጅ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ገልብጣ ስፌቱን ሳታይ አንዲት ሸሚዝ እንኳ አትገዛም። የበኩር ልጇን በኦፕሬሽን ከወለደች ወዲህ ደግሞ ሐኪም የሚባል ሰው አታምንም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሟ፣ «ያኔ ማህፀንሽ የተቀደደው ከታች በአግድም ነው፤ በምጥ ለመውለድ መሞከር ትችያለሽ። ጠባሳው የመተርተር ስጋት ትንሽ ቢሆንም አለ። ስለዚህ እዚሁ ሆነሽ እንከታተልሻለን፤ ካስፈለገም ወዲያው ኦፕሬሽን እንገባለን» አለቻት።

«ያኔ በምጥ አይወጣም አላችሁኝ፤ ዛሬ ይወጣል ትሉኛላችሁ። ውሸቱ የቱ ነው? ወይስ የኦፕሬሽን አልጋ ጠበባችሁ?»

እናቷ ቆነጠጠቻት። «አንቺ ልጅ፣ ሐኪሟንም ገልብጠሽ ልታያት ነው እንዴ?»

ባሏ ግን ፈርቶ ነበር። «ይቅርብሽ እባክሽ፣ እንደ በፊቱ በኦፕሬሽን እንገላገል።»

«እንገላገል? የሚቀደደው ያንተ ሆድ ነው?»

ብዙ ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። በመጨረሻ፣ «መጠርጠሬን አልተውም፤ ግን እሞክራለሁ» አለች። ምጡ ጠንክሮባት ነበር፤ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች።

ደስታዋ ግን ጥርጣሬዋን አባሰው። ሕፃኗን እንደ ታቀፈች፣ «ያ የመጀመሪያው ሐኪም ይምጣና፣ ያኔ መቀደዴ የግድ እንደ ነበር ፊት ለፊት ይንገረኝ» ብላ ለመነች። ሐኪሟ፣ «ምጥና ምጥ አንድ አይደለም» አለቻት። እናቷ፣ «ተመስገን በይ እንጂ!» ብላ ተቆጣች። ሰውየውን የጠራላት አልተገኘም።