አሜን ባዩ

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ እስክሪብቶውን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። ያልገባ ዕቃ «ገብቷል» ብለህ ፈርም ቢሉት እምቢ ካለ ሳምንት ሆነው። ዛሬም ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ፣ «ትባረራለህ!» ብሎ ጣራው እስኪነቀል ጮኸበት።

«አሜን» አለ ሰውዬው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ጸሐፊዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ይሄ ሰውዬ ጆሮው አይሰማም እንዴ? «ራ»ዋን «ካ» አድርጎ ሰምቶ፣ «ትባረካለህ» የተባለ መስሎት ይሆን? ሲወጣ ተከተለችውና ከጀርባው በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ?» አለችው።

ወዲያው ዘወር አለ።

«ጆሮዬስ ደህና ነው፣ ልጄ፤ የሚከዳኝ ጉልበቴ ነው። ‹አሜን› ስል ግን የሚባርከኝ ትዝ ይለኛልና ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።»