የእታለም ጦስኝ

ታላቅ እህቴን እታለም እላት ነበር። ከተዳረችበት አገር ከሮብ ገበያ ወደ ቤታችን የተመለሰችው ጣልያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሏ ጫካ ገብቷል። ቤቷን ጣልያኖቹ አቃጥለውታል። ከዚያ ቤት የቀራት በእንስራ ስባሪ፣ ከነአፈሩ የያዘችው ጥቂት ጦስኝ ብቻ ነበር። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለው ጓሯችን ተከለችው።

እናቴ ሳቀችባት። ሰው እህል ይዞ ይሸሻል እንጂ አረም ይዞ ይሸሻል ወይ አለቻት። መልሳ ደግሞ አዘነችላትና፣ ለጎመኗ እንደምታደርገው፣ ሥሩን ፍግ አለበሰችው። ጦስኝ ፍግ አይወድም። ገረጣ፤ ግማሹ በሰበሰ። እታለም የተረፈውን ነቅላ ካቡ አጠገብ፣ ድንጋያማ ደረቅ ቦታ ላይ አዛወረችው።

እዚያ ያዘ። ረዘም ያለውን ቀንበጥ መሬት ላይ ታስተኛውና ወገቡን በጠጠር ትጫነዋለች። ከጠጠሩ በታች ሥር ያወጣል፤ ከዚያም ሌላ ቀንበጥ ይዘረጋል። ጠዋት ጠዋት ሁለታችን ቁጢጥ ብለን ጠጠር እንመርጥ ነበር። በመንገዱ የጣልያን ካሚዮን ሲያልፍ እሷ ቀና አትልም። አበባው ሲያልፍ ትቆርጠዋለች። ካልተቆረጠ ይደርቃል፣ መሀሉ ይመለጣል ትለኝ ነበር። እሷ ቆርጣ ያደረቀችውን እናቴ ሽሮ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ሲያልቅባት፣ ያንን አረምሽን አምጪልኝ ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ጣልያን ሊወጣ ሲል እታለም በንዳድ ሞተችብን። ስለዚያ ሳምንት... ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናቴ ጦስኙን ማንም እንዳይነካው ከለከለች። እሷ እንደዘረጋችው ይኑር አለች። ከሽሯችንም ቀረ። በዓመቱ መሀሉ ተመለጠ፤ ግንዱ እንጨት ሆነ፣ አረንጓዴ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። መናገር ግን አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ማጭድ ይዤ እናቴን ወደ ካቡ ጠራኋት።

«እማዬ፣ ካልቆረጥነው ይሞታል።»

«የልጄን እጅ ነው የምትቆርጠው?»

«እሷም ትቆርጠው ነበር።»

ጎንበስ ብላ የተመለጠውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እንግዲያስ አንተ ቁረጠው። እኔ አላይም።»

ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች። ስቆርጠው ሽታው ተነሣ። የእታለም የቀሚሷ ጫፍ እንዲህ ነበር የሚሸተው። እናቴ ሳትዞር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። የቆረጥኩትን እየለቀምኩ እዚያ ላይ አደረግሁት።