ከብት መሪው ማረውና የፍሬን አምፖሉ

ወረታ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ፊቱ ይሮጣል፤ ማረው ግን ወደ ኋላው። ሌላው ሾፌሩን ከቦ የጎንደር ወሬ ሲለቅም እሱ ከጭነት መኪናው ጅራት ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀዩ መስታወት ላይ ያፈጣል። ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሾፌሮቹ በመጀመሪያ ሌባ ነው ብለው አባረሩት፤ ቀጥለው ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በመጨረሻም ጎማ የሚሳለም ሰው ነው ብለው ተዉት።

የማረው ሥራ ከብት መምራት ነው። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይወጣና የፎገራ ሜዳ ላይ እንዳለ ይተኛበታል። ሜዳው ጣናን ያክላል፤ ጣና ራሱ ይቀናል። የመኪናው መንገድ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ቦይ ነው፣ ቦይ የገባ ከብት ደግሞ ለዓሣ ተዳረ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ይፋግ የሚሻገር ባለ ከብት ሁሉ የጭነት መኪና ይጠብቃል። መኪናው በጎማው መንገዱን እየዳበሰ በሰው እርምጃ ይሄዳል፤ ከኋላው ማረው፣ ከማረው ኋላ ከብቱ። መኪናው ሲቆም ከብቱም አብሮ መቆም አለበት፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ይገፋና አንዱ ይወድቃል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መቆሙን አስቀድሞ የሚናገረው ደግሞ ያ ቀይ መብራት ነው።

"እግሩ ያለው ፊት፣ ብርሃኑ ያለው ኋላ!" ይላል ማረው፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። "መልእክቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያደርሰው ማነው?"

ይህንኑ ሲጠይቅ የአምፖል አዋቂ ሆነ። አምፖሎቹን በጥጥ ጠቅልሎ በስልቻ ይዞ ይዞራል፤ የፍሬን መብራቱ የሞተ መኪና ካገኘ ለከብቶቹ ሲል ይቀይርለታል። ዕውቀቱ ያለ ቅጣት አልመጣም። አንዴ ከትንሽ መኪና ያገኘውን ባለ ስድስት ቮልት አምፖል ባለ አሥራ ሁለቱ ላይ ቢሰካው፣ ሐሙሲት ድረስ የታየ ብልጭታ ሰጥቶ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ አንገት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያይ አይሰካም። ውስጡ ግሎ የሚያበራውን ክርም ያያል፤ ለፍሬቻ ባለ አንድ ክር፣ ለኋላው ባለ ሁለት ክር፤ ፈዛዛው ክር ከዋናው መብራት ጋር አብሮ እንዲበራ፣ ደማቁ ፍሬን ሲረገጥ።

አንድ ነሐሴ እማዋይሽ መጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻት አንዲት ላም፣ እሷም ልትወልድ የደረሰች። ግጦሹን ውሃ ስለበላው ይፋግ ልጇ ዘንድ ልታሻግራት ነው። ከሌሎቹ ከብቶች ጋር ቀላቀለቻትና ማረውን አፍጥጣ አየችው።

"ማረው፣ ይቺ ላም ቦይ ብትገባ እኔም ተከትያት እገባለሁ፣ ታውቃለህ?"

"ኧረ እትዬ! እኔ እያለሁ?"

"አንተ እያለህ ነው የፈራሁት።"

የዕለቱን መኪና የሚነዳው ደሞዝ የሚባል ሾፌር ነበር፤ እንኳን መብራቱ ሾፌሩም በግፊያ የሚነሳ አሮጌ መኪና። የፍሬን አምፖሉ ተቃጥሏል። ማረው ስልቻውን ፈታ፤ ቮልቱም ክሩም የሚገጥም አንድ ብቻ ተገኘ። ግን በአንገቱ ላይ እንደ ጆሮ ከወጡት ሁለት የብረት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ የመኪናው አምፖል ቤት ደግሞ እኩል ጆሮ ነው የሚፈልገው። አልገባም። ማረው ሞረድ ተውሶ ከፍ ያለውን ጆሮ ሞርዶ ጣለው።

"አንተ፣ ጆሮውን ቆረጥከው እኮ!" አለ ደሞዝ።

"እንዲበራ እንጂ እንዲሰማ መች ፈለግሁት? ግባና ርገጥ!"

ደሞዝ ረገጠ፤ ቀዩ በራ። ጉዞ ተጀመረ።

ውሃው መካከል ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፣ ዝናቡ ወረደ። ደሞዝም ዋናውን መብራት አበራ። ያን ጊዜ የኋላው ቀይ ቦግ አለ።

"ቁሙ!" ጮኸ ማረው። ከብቱ ቆመ። መኪናው ግን መንገዱን ቀጠለ።

"ማረው! መንገዱ እየሄደብን ነው!" አለች እማዋይሽ።

እየተንቦጫረቁ ደረሱበት። መብራቱ እንደ ደመቀ ነው። ድንገት መኪናው ቀጥ አለ፤ ቀዩ ግን ያው፣ ምንም አልተለወጠም። ከብቱ ተገፋፋ፤ የእማዋይሽ ላም የኋላ እግሯ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። እማዋይሽ ቀንዷን፣ ማረው ጭራዋን ይዘው በጉልበት መለሷት።

"ጭራዋን ልቀቅና መብራትህን ጠይቀው!" አለች እያለከለከች።

ማረው እውነትም ጠየቀው። ወረታ ላይ ሲረገጥ በርቷል። አሁን ሳይረገጥም ደማቅ ነው። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ደሞዝ ዋናውን መብራት አበራ፤ ሌላ ምንም የለም። ያን ጊዜ የተሞረደው ጆሮ ትዝ አለው። አምፖሉ በየት በኩል እንደሚገባ የሚነግረው ያ ጆሮ ነበር! ተገልብጦ ገብቷል፤ ደማቁ ክር ከዋናው መብራት ጋር ይበራል፣ ፍሬን የሚያበራው ፈዛዛውን ነው፤ ፈዛዛው ደግሞ በደማቁ ተውጦ አይታይም።

"መሪጌታ!" ብሎ ጮኸ፤ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ተሳፍረው ከጭነቱ ላይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። "ደሞዝን መብራቱን አጥፋ ይበሉልኝ!"

"በዚህ ጨለማ? ጤና የለህም?"

"ዋናው ሲጠፋ ነው ፍሬኑ የሚታየኝ! ይንገሩልኝ በሞቴ!"

መሪጌታ የጋቢናውን ጣሪያ እንደ ከበሮ መቱት። "ደሞዝ! ብርሃኑን አጥፋ ይላል! ምክንያቱን እኔም ይፋግ ስደርስ እጠይቃለሁ!"

መብራቱ ጠፋ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ የኋላው ድርግም አለ። ትንሽ ሄዶ አንዲት ፈዛዛ ቀይ ብልጭ አለች።

"ቁሙ!" ከብቱ ቆመ፤ መኪናውም ቆመ። ቀይዋ ስትጠፋ ሄዱ፣ ስትበራ ቆሙ፤ ላሟ ሆዷን እንዳንጠለጠለች እንደ ወይዘሮ ተራመደች።

ይፋግ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ደሞዝን ለማመስገን ወደ ፊት ሮጠ። ማረው ወደ ኋላ ሄዶ ቁጢጥ አለ፤ አምፖሉን ነቅሎ ገልብጦ ሰካው። እማዋይሽ ላሟን ለልጇ አስረክባ ልትሰድበው መጣች። ጥቂት አየችውና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"አንተ፣ እግሩ ያለው ፊት ነው አልከኝ?"

"ፊት።"

"ታዲያ ይሄ እንዴት አወቀ?"

"እስቲ ዝም በይና እይ። ደሞዝ! ርገጥ!"