ክብሪቱ እስኪመጣ

መጀመሪያ የወደቀው ዋንጫ ነበር። ወንድሜ ስንሻው ጠዋት ተነሥቶ፣ እናታችን የሰጠችውን አሬራ ሊጠጣ ሲል እጁ ድንገት ተወራጨና ዋንጫው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። አባታችን እንቅልፋም ብሎ ሰደበው። እሱም ሳቀ። በሌላ ጠዋት ልጓም ከእጁ አመለጠ። በሌላው ደግሞ ሞፈር ሲያነሣ፣ እንደ ደነገጠ ሰው ትከሻው ዘለለ። ቀን ላይ እጁ ደህና ስለሚሆን ማንም እንደ በሽታ አልቆጠረውም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ጠዋት ጠዋት ዕቃ ከእጁ የሚያመልጠው ልጅ ወይም ወንድም ያለው ሰው ቢያነበው፣ እኛ የዘገየነውን ያህል እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

ቤታችን ዘንገና አጠገብ ነው፤ ከሐይቁ በላይ ካለው ዳገት ላይ። ስንሻው በፈረስ የታወቀ ጎረምሳ ነበር። ለጊዮርጊስ በዓል ጉግስ ሲወጣ ሽማግሌዎች እንኳ ቆመው ያዩታል። እኔ ታናሹ ነኝ። ፈረስ ላይ መቀመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሲጨፍር አድሮ ጠዋት ወደ ቤት ሲመለስ ጮኸ። የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር። ከፈረሱ ወደቀ። ደረቀ። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ መላ አካሉ ከመሬቱ ጋር ይቀጠቀጥ ጀመር። አፉ ደም ያለበት አረፋ ደፈቀ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም አልነካውም። በእኛ ዘንድ እንዲህ የወደቀን ሰው ሳይነቃ አይነኩትም። አረፋው ያገኘው፣ ትንፋሹ የደረሰበት ሰው በሽታውን ይወርሳል ይባላል። የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክብሪት ይጫርና ጢሱን ያሸቱታል፤ ያን ጊዜ የያዘው ነገር ይለቀዋል ይባላል። ለስንሻውም ጫሩለት። ትንሽ ቆይቶ ነቃ። የነቃው ጊዜው ደርሶ እንደ ነበር ዛሬ አውቃለሁ። ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል። በአጭሩ ልበለው።

በጠፍር አሰሩት። አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ ያለ ሰው ግንባሩን በጋለ ብረት ተኮሰው። ቁስሉ ሳይደርቅ ደግሞ ወደቀ። ጸበል ወሰዱት። ጸበሉን አልወቅስም፤ እኔም ዛሬ እጠመቃለሁ። ነገር ግን እንቅልፍ ሳያገኝ ሌሊቱን አቁመው ያሳድሩት ነበር። ሲነጋ ይወድቃል። ሲወድቅ በአለንጋ ይገርፉታል፤ የሚመቱት እሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው እያሉ። የጀርባው ቆዳ ግን የእሱ ነበር።

ታጭታለት የነበረችው ልጅ ቤተሰቦች ቃላቸውን አፈረሱ። ስንሻው ፈረሱን መጫን ተወ። እየሳበው ብቻ ይሄድ ነበር። ሲወድቅ የምትነካው እናታችን ብቻ ናት። በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትጠርግለታለች። ሴቶቹ ሲቆጧት፣ «እኔው ነኝ የወለድሁት፤ ከያዘኝም ይያዘኝ» ትላቸው ነበር።

የሞተ ቀን ከዳንግላ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቼ ነበር። ከቆሰበር ገበያ እየተመለስን ነው። ብዙ ሰው ነበርን። ስንሻው ፈረሱን እየሳበ ቀድሞናል። መንገዱን የምታቋርጥ ትንሽ ወንዝ አለች። በበጋ ውኃዋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

መሃሏ ሲደርስ ጮኸ። በግንባሩ ወደቀ። ፊቱ ውኃ ውስጥ ነበር።

ሮጥሁ። አጎቴ አያ ፈንታ ከኋላ አንገቴን ያዙኝ። ሌላ ሰው ላዬ ላይ ወደቀ። በአፌ ድንጋይ ላይ ተደፋሁ። ጥርሴ ተሰበረ። ነከስኋቸው። አልለቀቁኝም። አያ ፈንታ በአገውኛ ጆሮዬ ላይ ይጮኹ ነበር፦ «እናትህ ሁለት ብቻ ነው ያላት። ሁለታችሁንም አልሰጥም።»

አንዱ ክብሪት አለ። ሌላው ክብሪት አለ። ማንም አልያዘም። አንድ ሰው ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤት ሮጠ። አንዲት ሴት ውኃ ላይ መውደቁ ደግ ነው፣ ያበርድለታል አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። እያለቀሰች ነበር ያለችው።

ውኃው ሲናወጥ አየሁ። እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ተኛ። «ተወው፣ ለቀቀው» አሉ ሰዎቹ።

ክብሪቱ መጣ። ያን ጊዜ ገለበጡት። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። ጫሩለት። ደግሞ ጫሩለት። ክብሪቱ እስኪያልቅ ጫሩለት።

እኔን የለቀቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔ በሽታ የጀመረው በዓመቱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። ለፈተና ሳጠና አድሬ ጠዋት ሻይ ሳነሣ ብርጭቆው ከእጄ ተወረወረ። ስብርባሪውን አየሁት። ወዲያው ዐወቅሁ። ለማንም አልተናገርሁም። እጄን ደረቴ ላይ አጣብቄ መሄድ ጀመርሁ፤ ያዝሁት መስሎኝ።

ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ወደቅሁ። የማስታውሰው ገመዱን ብቻ ነው። ስነቃ ሰማይ አየሁ፤ ቀጥሎ ጫማዎች፤ ከእኔ ርቀው በክብ የቆሙ ጫማዎች። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ሱሪዬ ርሷል። ላይኛው ከንፈሬ በክብሪት ተቃጥሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በወንበሬ አብሮኝ የሚቀመጥ ጠፋ። ደሴ የሚባል ልጅ ነበር፤ እንደ እኔው ከገጠር የመጣ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ የሚኖር፣ አፈኛ። ስሜን ትቶ «ክብሪት» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። በግቢው ማድቤት ብረት ድስቴን ካነሣሁ በኋላ ነው የራሱን የሚጥደው። አንድ ቀን ሳንቃ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንተ ክብሪት፣ ስትወድቅ ወደዚያ በኩል ውደቅ፤ ወጤን እንዳትደፋብኝ» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ዕቃዬን ጠቀለልሁ። አገር ቤት ገብቼ፣ ሰው የማያይበት ቦታ ለመኖር ቆርጬ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ጥቅልሉን አየች። ከንፈሬን አየች። ጠፍር አላመጣችም። በማግሥቱ ጠዋት በጭነት መኪና አሳፍራ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ይዛኝ ሄደች። አባቴን ማስፈቀዷን ዛሬም አላውቅም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ አንድ ነርስ ያስተረጉምላቸዋል። በመዶሻ ጉልበቴን መቱኝ፣ ዓይኔን በመብራት አዩ። ከዚያ፣ «ጠዋት ዕቃ ከእጅህ ይወድቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ጥያቄ ስንሻውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የነገሩንን እንዳለ እጽፈዋለሁ። «የሚጥል በሽታ ነው። ኤፒሌፕሲ ይባላል። የአንጎል ሕመም ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ወንድማማቾችን ይይዛል። በመንካት፣ በአረፋ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም።» እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። የልጅዋን አፍ ለሁለት ዓመት የጠረገች እሷ ናት፤ አልያዛትም። እኔ ደግሞ መሬት ላይ ተጨፍልቄ፣ ጣቴ እንኳ ሳይደርስበት ቀርቶ፣ ይኸው ያዘኝ። ሁለታችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ፌኖባርቢታል የሚባል ነጭ ክኒን ሰጡኝ። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳታቋርጥ አሉኝ። እንቅልፍህን አትከልክል አሉኝ። በመጨረሻም፣ «ትምህርት ቤት ስትወድቅ ማን በጎንህ ያስተኛሃል?» አሉ።

«ማንም» አልሁ።

«እንግዲያው ሳትወድቅ አስተምራቸው። ከወደቅህ በኋላ መናገር አትችልም።»

ወደ ዳንግላ ተመለስሁ። እናቴ አልገፋችኝም፤ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥራ ብቻ ሰጠችኝ። ለሳይንስ መምህራችን ነገርኋቸውና ከክፍሉ ፊት ቆሜ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሽታው የመጣ መስሏቸው የፊተኞቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ስሜን ታውቃላችሁ» አልሁ። «ክብሪት አይደለም።»

ከዚያ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ስለ ወንዟ ነገርኋቸው። ጥርሴን አሳየኋቸው። ሌላ የምለው ስላጣሁ ወለሉ ላይ ተኛሁ። «ስወድቅ እንዲህ እሆናለሁ። እንዲህ በጎኔ አዙሩኝ። ከራሴ ሥር ልብስ አድርጉ። አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ። አሁን አንዳችሁ ኑና አዙሩኝ።»

ማንም አልመጣም። መምህራችንም ጠመኔ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ደሴ ከኋላ፣ «ከሞተ ንገሩኝና ልቅበረው» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ጉንጬ አቧራ ላይ ነበር። አልነሣም ብዬ እንደ ተጋደምሁ ቆየሁ። ደወሉ ሲደወል በራሴ በጎኔ ዞርሁ፤ ተነሣሁ፤ ልብሴን አራገፍሁ።

ያልተሳካልኝ መሰለኝ። ነገር ግን እንዴት ልበለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም፤ እጄን ከደረቴ አወረድሁ፣ በክፍል ጥያቄ ሲጠየቅ እጄን ማውጣት ጀመርሁ፣ ክብሪት ብሎ የሚጠራኝ ሲመጣም «በጎኔ ነው፣ አትርሳ» ብዬ እመልስለት ነበር። ክኒኑ ያፈዝዘኝ እንጂ ጠዋት ብርጭቆ ከእጄ አይወድቅም ነበር።

ዐቢይ ጦም ገባ። እዚህ ላይ ተሳሳትሁ፤ የኛ አገር ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስለሆነ አስተውሉት። የጠዋቱ ክኒን በውኃ ነው የሚዋጠው። ውኃ ደግሞ ጦም ይገድፋል። ስለዚህ የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርሁት። ማንንም አላማከርሁም።

አንድ ቀን ከትምህርት ተመልሼ ማድቤት ውስጥ ድንች ጥጄ እሳቱን እቆሰቁስ ነበር። ክኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የነቃሁት በሕመም ነው። ክንዴ ይነድድ ነበር። ሥጋ ሸተተኝ። በጎኔ ተኝቻለሁ። ከጉንጬ ሥር ኮት አለ። ደሴ አጠገቤ ተንበርክኮ ትከሻዬን ይዟል። መዳፉ ተልጧል፤ ከእሳቱ ሲጎትተኝ ፍሙን ጨብጦት ነበር። አረፋዬ እጅጌው ላይ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ክብሪት ክብሪት ሲሉ እሱ ወደነሱ ሳይዞር፣ «እሳት ውስጥ ገብቶ ክብሪት ምን ያደርግለታል» አላቸው።

ዓይኔን እንደገለጥሁ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በል እውነቱን ንገረኝ። አሁን ያዘኝ?»

ምላሴ አብጦ መናገር አልቻልሁም። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አልያዘህም ብዬ።

«እንግዲያው ተነሥ» አለ፤ እንባው ይወርድ ነበር። «ድንቹ አርሯል። ኮቴንም አበላሽተኸዋል።»

ጤና ጣቢያ ሄደን ድሬሰሩ የሁለታችንንም ቁስል አሸገልን። በማግሥቱ ደሴ ወንበሬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ስለ ክኒኑ የነፍስ አባቴን ስጠይቅ መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ በጠዋት ዋጠው ብለው ገሠጹኝ። አስቀድሜ ብጠይቅ ክንዴ እንዲህ ባልተኮማተረ።

ክረምት ሲገባ አገር ቤት ሄድሁ። አያ ፈንታ ከወንዟ ቀን ወዲህ ዓይኔን አያዩም ነበር፤ እኔም ቤታቸው አልረግጥም ነበር። የዚያን ዕለት በእግሬ ሄድሁ። ከደጃቸው ካለው መስክ ላይ ተጋደምሁና ስወድቅ ምን እንደሚያደርጉ ላሳይዎት መጣሁ አልኋቸው። በትራቸውን ጥለው ተንበረከኩ። ትከሻዬንና ጉልበቴን ይዘው በጎኔ አዞሩኝ።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው አያ ፈንታ።»

«እንዲህ ብቻ?»

«እንዲህ ብቻ ነው።»

በጀርባዬ መለሱኝና ደግመው አዞሩኝ። ደግመው አዞሩኝ። ሣሩ ፊቴን እስኪፍቀኝ አልተዉም። ተነሡ ማለት አቃተኝ። የሚያዞሩት እኔን ብቻ አልነበረምና ተውኋቸው።

ዛሬ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ክኒኔን እውጣለሁ፤ እተኛለሁ፤ ከወደቅሁ ቆይቻለሁ። ፈረስ ግን ብቻዬን አልጋልብም፤ ደሴ ወይም አያ ፈንታ ከጎኔ ይጋልባሉ። በጭነት መኪናው ላሳፈረችኝ እናቴ፣ ያን ጥያቄ ለጠየቁኝ ሐኪም፣ መዳፉ ላይ ጠባሳ ለያዘው ጓደኛዬ እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈልልኝ።

ይህ በሽታ ያለብህ ወንድሜ፣ ያለብሽ እኅቴ፣ ሳትወድቁ ተናገሩ። አፋችሁ ቢንተባተብም ተናገሩ። የሚሰማ የለም ብላችሁ አትተዉ፤ የሚስቀውም እየሰማ ነው።

ቆማችሁ የምታዩ ደግሞ፣ ወደ ማንም ቤት አትሩጡ። ቅረቡና አዙሩት።