የአሥር "አይደለም" ጨዋታ

ይህን የምጽፈው በደሌ በወረቀት ላይ እንዲቀመጥልኝ ነው። አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ፤ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነግሩኝ ደግሞ ጥፋቴን አምኛለሁ ብዬ እንድፈርም ጠየቁኝ። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው፣ እዚያው ውስጥ በደንቡ ያሸነፍኩትን ጨዋታ አንዲት አስተማሪ አላጸድቅም አለችኝ። ልጆቼ ሁለተኛውን ተይው ይሉኛል። አልተወውም፤ ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።

የያዙኝ ሸቤ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው። ወጣቱ መንገድ በድንጋይ የሚዘጋበት ሰሞን ነበር። ሚኒባሱን አስቁመው ሁላችንንም አስወረዱንና ዳር ላይ አሰለፉን። አንድ የታጠቀ ሰው በፊታችን እየተራመደ፣ "አንተ፣ አንተም፣ እርስዎ" አለ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ላም ነበረች። እሷን እርስዎ አይላትም ብዬ ወደፊት ወጣሁ።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ ሞልቷል አሉ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሳንቃ ነው። የምንተኛው በባዶ ጆንያ ላይ ስለሆነ ጠዋት ስንነሳ ቅንድባችን ሳይቀር የጆንያ ብናኝ ለብሶ ነበር። ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ አርጅቼ፣ እንደዚያ ቤት ቡና ቡና የሚል ቤት አላየሁም። በአሥራ አንድ ቀን ግን አንድ ስኒ አልደረሰኝም።

በሴቶቹ በኩል አራት ነበርን። አንዷ አስተማሪ ናት፤ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ተናግራለች። አንዷ የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ የእሷን ኋላ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሦስቱም የታሰሩበትን ያውቁታል። እኔ ብቻ አላውቅም። ማታ ማታ የየራሳቸውን ሲያወሩ ቅናት ይዞኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተማሪዋ በጀርባዋ ተንጋላ፣ "ስልክ ሳይኖር ሰው ቀኑን በምንድነው የሚገፋው?" አለች።

"በቴሌቪዥን" አልኳት።

"እሱም የለም እኮ፣ እማማ።"

"እኔ ጋ አለ" ብዬ ነገርኳት።

ያኔ ጣቢያው አንድ፣ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነው። እሁድ ከሰዓት አንድ ጨዋታ ይቀርብ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቴሌቪዥኑ በሱቁ ውስጥ ስለነበረ እሁድ የስፌት መኪናውን ወደ ጥግ ይገፋል፣ ጎረቤት በርጩማውን ተሸክሞ ይመጣል። እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ "አሁንስ?" ይላል፣ እኛ ከታች "ትንሽ ወደ ጅሬን ኮረብታ" እንለዋለን።

አራት ጠያቂዎች በአንድ ጠረጴዛ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንድ እንግዳ ይገባል። ሥራው ምን እንደሆነ ከጠያቂዎቹ ጀርባ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ እኛ እናየዋለን፣ እነሱ አያዩትም። እየጠየቁ ሥራውን ማወቅ አለባቸው። እንግዳው ከ"አዎ" እና ከ"አይደለም" ሌላ ቃል አይናገርም። አሥር "አይደለም" ከሞላ እንግዳው አሸነፈ ማለት ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ ራሰ በራ ሰውዬ ነበር፤ ጳጳስም ቢመጣ ሹፌርም ቢመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ሥራዎን ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠባሉ?" ነው። እንዴት እወደው ነበር።

አንድ ቀን እዚሁ ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ የሄደ ቡና ቀማሽ ቀረበ። ራሰ በራው፣ "የሚጠጣ ነገር ነው?" አለው።

"አዎ።"

"እርስዎ ራስዎ ይጠጡታል?"

"አዎ።"

"ይውጡታል?"

"አይደለም።"

አራቱም ተያዩ። እዚህ ሱቁ ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ይጮኻል፤ ቡና ቀማሽ አፉ ውስጥ አንከባሎ እንደሚተፋው ጅማ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? የአዲስ አበባ ምሁራን አሥር "አይደለም" ተቆጥሮባቸው ተሸነፉ። ያን ሳምንት ጅማ ውስጥ የማይስቅ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው ግን መጨረሻውን ነው። ጠያቂዎቹ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ሰዓቱ ቢያልፍም ባያልፍም፣ አቅራቢው ወደ ሰሌዳው አዙሯቸው መልሱን ያነባል። መልሱ ሳይነገር ከዚያ ወንበር የተነሳ እንግዳ አላየሁም። አንዴ እንግዳው ገብቶ ሥራው ሰሌዳው ላይ ሊጻፍ ሲል መብራት ጠፋ። ባለቤቴ በማግስቱ ስልክ ቤት ተሰልፎ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ዘንድ ደወለ። እንግዳው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ እየዞረ ተናገረ።

ተማሪዋ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "በቃ ይሄው ነው? ይጠይቃሉ፣ ይመልሳል?" አለች።

"ይሄው ነው።"

"ሽልማቱስ?"

"ሽልማቱ መታወቁ ነዋ።"

አስተማሪዋ ተነስታ ነጠላዋን እንደ ከረባት አንገቷ ላይ አሰረች። "እኔ አቅራቢ እሆናለሁ። ሥራችንን እንኳ ተዋውቀናል፤ የምንጠይቀው የታሰርንበትን ይሁን። የምናውቀውንም ቢሆን እንደማናውቅ ሆነን" አለች። ከሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ በጸጉር ማስያዣ ቆፍረን አሥር የደረቀ የቡና ፍሬ አወጣን። ለእያንዳንዱ "አይደለም" አንድ ፍሬ ለእንግዳው ይሰጣል።

መጀመሪያ የበርበሬ ነጋዴዋ ተቀመጠች። የራሰ በራውን ቦታ እኔ ያዝኩ።

"ሥራውን ሲጨርሱ እጅ ይታጠባሉ?" አልኳት።

"አዎ፣ እትዬ። በደንብ ነው የሚታጠቡት።"

"አዎ ብቻ በይ" አለች አስተማሪዋ።

"የሚበላ ነው?" አለች ተማሪዋ።

"አዎ።"

"በልተሽው ነው የታሰርሽው?"

"አይደለም።" አንድ ፍሬ።

"ሌላ ሰው በልቶት ነው?"

"አይደለም።" ሁለት ፍሬ። እዚህ ላይ ነጋዴዋ መያዝ አቃታት። "ዓይናቸው ነው የበላው! ልጆቹ ፖሊስ ላይ ሲበትኑት ከማን ገዛችሁ ተባሉ፣ ከእኔ። እኔ ለወጥ ነው የሸጥኩት፤ ለዓይን ነው ብለው ቢነግሩኝ ያን ምርጡን እሰጣቸው ነበር?"

በጨዋታው መሃል ራሷን ስለገለጠች ተሸናፊ ተባለች። ተገቢ ነበር። ቀጥሎ ተማሪዋ ገባች። እኔ "ስልክ ላይ የጻፍሽው ነው?" አልኩ፣ እሷ "አዎ" አለች፣ አለቀ። የዚህ ዘመን ሰው ወንጀሉ እንኳ አያጫውትም።

ከዚያ እኔ ተቀመጥኩ።

"በእጅዎ ያደረጉት ነገር ነው?" አለች ተማሪዋ።

"አላውቅም።"

"እማማ፣ አዎ ወይም አይደለም ነው" አለች አስተማሪዋ።

"የማላውቀውን አዎ አልልም። እንግዲያው ያላደረግሁትን ጠይቁኝ፣ እሱን አውቃለሁ። መንገድ ዘግተሻል በሉኝ።"

"መንገድ ዘግተዋል?"

"አይደለም።" አንድ ፍሬ ወሰድኩ።

"ሰልፍ ወጥተዋል?"

"በዚህ ጉልበቴ? አይደለም።"

"መንግሥት ሰድበዋል?" አለች ነጋዴዋ።

ትንሽ አሰብኩ። "የትኛውን?"

"የአሁኑን።"

"አይደለም።"

በሩ ላይ ያለችው መስኮት ተከፈተች። ጠባቂያችን የሸቤ ልጅ ናት፤ ልጆቿ አያታቸውን እንደሚጠሩት እኔን በኦሮምኛ አኮ ትለኝ ነበር። ጠመንጃዋን አንግታ ፊቷን አስገባችና፣ "እኔም ልጠይቅ፣ ማሎ" አለች። ማሎ እባካችሁ ማለቷ ነው። አቅራቢዋ ፈቀደች።

"አኮ፣ ወንድ ልጅ አለዎት?"

"አዎ።"

"ጫካ ገብቷል?"

"አይደለም። ሐዋሳ ገብቷል። ሚስት ይዛው ሄዳ በዓመት አንዴ ነው የማየው፤ ጫካ ቢገባ ይሻለኝ ነበር።"

"የመጨረሻው አይመዝገብ" አለች አስተማሪዋ ወደ ጠመንጃው እያየች።

እንዲህ እያልን አሥሩም ፍሬ መዳፌ ውስጥ ገባ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። አሸነፍኩ ማለት ነው። አስተማሪዋ ግን ከረባቷን አስተካከለችና፣ "አላጸድቅም" አለች።

"ምን አደረግሁ?"

"ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መልሱ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነበረበት። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን። የእርስዎ ሰሌዳ ባዶ ነው።"

"ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ?"

"አይደሉም፣ እማማ። ግን ያለ መልስ ማሸነፍ የለም።"

ወላሂ፣ ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ደግሞ እውነቷን ስለሆነ ነው። ጠባቂዋ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ "ቆይ እኔ ጠይቄ እመጣለሁ" ብላ ሄደች። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅናት። ስትመለስ፣ "ጠየቅሁ፣ አኮ። ምን አገባሽ አሉኝ" አለች።

"ይሄ አዎ ነው ወይስ አይደለም?" አለች ተማሪዋ። አቅራቢዋ አስባበት በሁለቱም ውስጥ አልመዘግብም አለች።

የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ እንደጨረስኩ ተጠራሁ። በወሰዱኝ ክፍል ውስጥ አንድ ኃላፊ ተቀምጧል፤ ዕድሜው የሁለተኛው ልጄ ያህል ይሆናል። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

"ተፈተዋል፣ እማማ። እዚህች ላይ ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ።"

መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን አንዲት ቃል አልዘልም። "ለፈጸምኩት ጥፋት ምክር ተሰጥቶኝ፣ ጥፋቴን አምኜ ተለቅቄአለሁ" ይላል።

"ጥፋቴ ምንድነው?" አልኩት።

"ያለፈ ነገር ነው። ልጆችዎ ይጠብቁዎታል።"

"ልጄ፣ አሥር ጥያቄ ልጠይቅህ። አንተ አዎ ወይም አይደለም ትለኛለህ።"

ሰዓቱን አየ። "ይጠይቁ።"

"ሰው ጎድቼ ነው?"

"አይደለም።"

"ሰርቄ ነው?"

"ኧረ አይደለም፣ እማማ።"

"ይህን የምትለኝ ፋይሌን አይተህ ነው?"

ማህተሙን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። አንዲት ዝንብ ማህተሙ ላይ አረፈች።

"አዎ ወይም አይደለም" አልኩት።

"አይደለም። እየገመትኩ ነው።"

"እንግዲያው አንተም እንደኛ ጠያቂ ነህ። መልሱ ያለው ሰው ሲመጣ ጥሩኝ" ብዬ ተነሳሁና ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

ጠባቂዋ በሩን አልከፍትም አለች። "የተፈታ ሰው ማስገባት አልተፈቀደልኝም፣ አኮ።"

"የታሰረበት ያልታወቀ ሰው ማስገባት ግን ተፈቅዶልሽ ነበር።"

"ያኔ ተረኛ አልነበርኩም" አለች።

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ነጋዴዋ፣ "እትዬ፣ አብደዋል? ይሂዱ እንጂ" ትላለች። ተማሪዋ ትስቃለች። አስተማሪዋ በቆርቆሮው ስንጥቅ አፏን አድርጋ፣ "አይፈርሙ" አለችኝ በቀስታ። የልጆቼ ፊት እየመጣብኝ ነበር። ቤቴም ናፍቆኝ ነበር፤ እግሬን ዘርግቼ በራሴ አልጋ መተኛት ናፍቆኝ ነበር። ብፈርም ግን ጥፋተኛ ሆኜ ልቀር ነው፣ በምን እንደሆነ እንኳ የማላውቅ ጥፋተኛ።

ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ኃላፊው ራሱ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። ቆሞ አየኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ከሥር ባዶ ቦታ አለ። የሚሉትን ይጻፉበት፤ ግን ይሂዱልኝ።"

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱም ጠባቂዋም ቆመው ጠበቁኝ። "ጥፋቴን ጠየቅሁ። የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አላመንኩም" ብዬ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩበት። አነበበው፤ ይቀደዋል ብዬ ነበር። አልቀደደውም። አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

አስተማሪዋ በወሩ ተፈታች። እስካሁን ሂርማታ ገበያ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የምናነሳው ያንኑ ነው። እኔ አሥሩን ፍሬ እጠቅሳለሁ፣ እሷ ሰሌዳውን ትጠቅሳለች። "መልሱን ያምጡና የዚያኑ ቀን አጸድቅልዎታለሁ" ትለኛለች። አትክልት ሻጮቹ ተጣልተን ይመስላቸዋል።

አሁን የልጅ ልጆቼ በስልካቸው የሚያዩት ውድድር መብራቱ ይብለጨለጫል፣ ሰው ይጮኻል፣ መኪና ይሸለማል። የድሮውን ፈልጉልኝ ብያቸው ፈለጉ፣ አላገኙትም። እኔ ግን ራሰ በራው ሰውዬ ተሸንፎ እየሳቀ ሰሌዳውን ለማየት ዞር ሲል አሁንም ይታየኛል። መሸነፉ አያስከፋውም ነበር። ሳያውቅ ወደ ቤቱ አይሄድማ።

ስለዚህ ዘንድሮ መታወቂያዬን ይዤ የታሰርኩበትን ምክንያት ልጠይቅ ወደ አሳሪዎቼ ቢሮ ሄድኩ። ሰዎቹ ተቀይረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትሁት ልጅ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋዘኑን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ከሥር የጻፍኩትን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገች። ከኋላዋ ካለው ቁም ሣጥን ሁለት መዝገብ አውርዳ በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። ስሜን ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ነገርኳት፣ ደግማ ፈለገች። ከዚያ መዝገቡን ዘግታ፣ የምሥራች እንደምትነግረኝ ሁሉ ፈገግ አለችልኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ታስረው አያውቁም" አለችኝ።