ስምንት ሲሊንደርና አንድ ትራስ

ሸራውን ስገልጠው ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። የከረመ ቤንዚን፣ የቀዘቀዘ ዘይት፣ የወንበር ቆዳ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ከሐይቁ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ የተኛ እርጥበት። መኪናዋ ያለችው ከጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቨርሷ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ አንድ አትክልት ነጋዴ ድሮ ሣጥኖቹን ያስቀምጥበት በነበረ መጋዘን ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እሄዳለሁ። ባትሪውን አስራለሁ፣ የዘይቱን ልክ አያለሁ፣ አስነሳታለሁ። የሙቀት መለኪያው መሃል እስኪደርስ ድረስ አጠገቧ እቆማለሁ። ሞተር ዝም ብሎ ከተቀመጠ ከውስጥ ይዝጋል። ስምንት ዓመት እንዲህ ሳደርግ ኖሬአለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጄኔቭ ውስጥ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ቀን በአንድ ጋራዥ መኪና አጥብ ነበር። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። መካኒኮቹ የጣሏቸውን የጥገና መጻሕፍት እየለቀምኩ በመዝገበ ቃላት እፈታቸው ነበር። አንድ ገጽ ለመረዳት አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ የገባኝን ግን አልረሳውም። ብዙ አልናገርም፤ ስለዚህ ሰዎች አጠገቤ እንደ ልባቸው ያወሩ ነበር።

ሾፌሩን ያወቅሁት እዚያ ነው። የመንግሥታችንን መሥሪያ ቤት ጥቁር መኪና ሊያሳጥብ ይመጣል፤ ረጅም፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው። መጀመሪያ አንቱ ስለው ተቆጣ። ዘይት አብሮት ለሚነካ ሰው አንተ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እያልኩ አንተ አልኩት። አንድ ቀን ጎማ ሳጥብ አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ "ስምንት ሲሊንደር ፈትተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"በመጽሐፍ" አልኩት።

"በመጽሐፍማ እኔም ጄኔራል ነኝ" ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከጄኔቭ ዳር ወዳለችው ግራንድ ሳኮኔ ወስዶ አሳየኝ።

አንድ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቷት የሄደ መኪና ነበረች። ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ቀለሟ ከአቧራው በታች ጥቁር አረንጓዴ። አይጥ ወንበሩን በልቶታል። ሞተሩ በእጅ ሲሞከር ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ ኮፈኑን በመዳፉ እየደባበሰ ለምን እንደፈለጋት ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ፊቴን አላየም።

አዲስ አበባ የአንድ ባለጸጋ ሾፌር በነበረ ጊዜ የነዳት መኪና የዚችው አምሳያ ነበረች። አብዮቱ ሲመጣ ባለጸጋውን አሰሯቸው። መኪናዋን አንድ ሻለቃ ወሰዷት፤ ሾፌሩንም ከነመኪናዋ ወሰዱት። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ስለነበር ሕፃን ልጁን እኅቱ ታሳድግለታለች። ማታ ሲመጣ ልጅቷ ከበር ውጭ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች ትወጣለች፤ ስታለቅስ ሞተሩን አስነስቶ ጭኑ ላይ ሲያስቀምጣት ትተኛለች። በኋላ ወደ ጄኔቭ ሲላክ አራት ዓመቷ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ሆኗት ነበር።

"ፊቴን ላታውቀው ትችላለች። ድምፁን ግን ታውቀዋለች" አለኝ።

ልጅቷን ለማውጣት የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ለዓይኗ ሕክምና ሁለት ወር እንድትመጣ፣ ከዚያም የሥራ ዘመኑ ስለሚያበቃ አብረው አገር እንደሚገቡ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ፈርሟል። ሊመለስ ግን አላሰበም። እሷ ዙሪክ በረገጠች ቀን ጥገኝነት ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይጠረጥረው ያስፈልጋል፤ አገሩ ሊገባ ሻንጣ የሚያስር ሰው ደግሞ ወራት ሙሉ መኪና አያድስም። ስለዚህ የመኪናዋን የባለቤትነት ወረቀት በእኔ ስም አወጣን። የሚጠይቅ ከመጣ የኔ ናት፤ እሱ የሚረዳኝ ወዳጅ ነው።

ወደ ቨርሷው መጋዘን አስጎትተን ሰባት ወር ሠራናት። የተበሉትን ሲሊንደሮች ከውስጥ አስፍቼ ወፍራም ፒስተን አስገባሁ። ፒስተኖቹን የሚያቅፉትን ፋሻዎች አንድ በአንድ ለካሁ፤ ክፍተታቸው ከመጽሐፉ ልክ በፀጉር ያህል የበለጡትን ሁለቱን መለስኳቸው። ሾፌሩ ወርቅ ሲመዘን እያየሁ ያደግኩ እንደሆነ እየቀለደ ይጠይቀኝ ነበር። እሱ ደግሞ የኋላውን ወንበር ሲሰፋ ድንገት አቆመና፣ ልጅቷ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት ስንት እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም። የጎረቤቶቼን የፖርቱጋሎቹን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግድግዳ ላይ አቁሜ ለካኋት። አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልግ ነበር። የምትቀመጥበትን ትራስ ስፖንጅ እኔ ቆረጥኩ፣ ልባሱን እሱ ከወንበሩ ቆዳ ትራፊ ሰፋው።

የተነሳችበትን ቀን ልነግርህ እችል እንደሆነ አላውቅም። ድምፅዋ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነበር። የመጋዘኑ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር። መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ለመደበቅ የፈለገ ሰው በመላው ስዊስ የማትደበቀውን መኪና እንደሠራ ያን ዕለት ሁለታችንም ገባን። ግን አላነሳነውም።

የታደሰ ሞተር የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በእርጋታ መሄድ አለበት። በዚህ አልደራደርም ነበር። እሑድ እሑድ በገጠሩ መንገድ ወደ ተራራው እንወጣለን፤ ከዘጠና በላይ አላስነዳውም።

ልጅቷ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ሾፌሩ ባልተባረከ መኪና ልጁን እንደማያሳፍር ነገረኝ። የእኛ ቄስ የሚኖሩት ዙሪክ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ በባቡር መጥተው በተዋስነው አዳራሽ ይቀድሱልን ነበር። በመጡበት ቅዳሜ አዳራሹ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው አጠገቤ አስቀመጡና፣ "ይኼን ወስዳችሁ እዚያው እርጩት ልጄ። ካልሆነም ነገ መኪናዋን ወደዚህ አምጧት" አሉኝ።

ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ለሾፌሩ አባ መኪናዋን አምጧት ብለዋል አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ካገሬ ሰው ማንም አልሰማትም። እነዚያ እንደ መኪና አጣቢ ብቻ የሚያዩኝ ያገሬ ሰዎች አንድ ጊዜ እንዲሰሟት ፈልጌ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ከበባት። አንዱ ሽማግሌ ስዊሶቹ ጦርነት መጣ ብለው ምድር ቤት እንዳይገቡ ቀስ ብለህ አስነሳት አሉኝ፤ ሁሉም ሳቀ። አንዲት ሴት ቤንዚን ትጠጣለች ወይስ ትታጠብበታለች ስትል ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ቀና ስል የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊ ከበሩ አጠገብ አየሁት። ግራጫ ካፖርት የሚለብስ፣ አልፎ አልፎ መጥቶ ከኋላ የሚቆም ሰው ነበር። የቆዳ ጓንቱን አላወለቀም።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው የባለቤቱን የክርስትና ስም ጠየቁ።

የኔን ስም ልናገር አንድ እርምጃ ተራመድኩ። እንደዚያ ነበር የተስማማነው። ሾፌሩ ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ መስቀሉ ሥር ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ለአለቆቹ በደብዳቤ የዋሸው ሰው እዚያ መዋሸት አልቻለም።

"የኔ ናት አባ" አለና የክርስትና ስሙን ተናገረ። ከዚያም "የልጄንም ይጥሩልኝ" ብሎ የእሷን አስከተለ።

ጸበሉ ኮፈኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከሞተሩ ሙቀት ወዲያው ተነነ። ጸሐፊው ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ መጣ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፣ በኋላው መስኮት አጎንብሶ ትራሱን አየው። እስከዚያ ቀን ሾፌሩን አንተ ነበር የሚለው።

"እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ" አለው። "ለሁለት ወር ይህን ያህል ደከሙ?"

ሾፌሩ ሸጦ እንደሚገባ ነገረው።

"ጥሩ ነው። ሲገቡ እናወራለን" ብሎ ፈገግ አለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ምንም አልሆነም፤ ያስፈራንም ይኸው ነበር። ሾፌሩን የጠራው የለም፣ የጠየቀው የለም። ልጁን ለመቀበል የአንድ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ ጸሐፊው ራሱ ፈርሞ መልካም መንገድ አለው።

ልጅቷ በምትደርስበት ቀን ከቨርሷ ስንነሳ ጭጋጉ ሐይቁን ሸፍኖት ነበር። ሎዛን ሳንደርስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሞላ፤ አሁን ልቀቃት አልኩት። ለቀቃት። ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ፣ እኔ ጆሮዬን ደቅኜ እንከን እፈልግ ነበር። የሚንኳኳ ነገር፣ የሚያፏጭ ነገር። አልነበረም። ሾፌሩ በመስታወቱ ኋላ ኋላ ያይ ነበር፤ መንገዱን ይሁን ትራሱን አላውቅም።

ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረስን እሱ ገባ፤ እኔ ከመውጫው ፊት ለፊት ሞተሩን ሳላጠፋ ቀረሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ድምፁን እንድትሰማ ነበር። አንድ ፖሊስ መጥቶ በእጁ ቁልፍ እንደማዞር አድርጎ አሳየኝ። አጠፋሁት። ዘወር ሲል መልሼ አስነሳሁት። የመስታወቱ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። በሻንጣው ላይ የአገራችን አየር መንገድ ወረቀት ያለበት ሰው አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ከዚያ አስተናጋጆቹ ወጡ።

በመጨረሻ ሾፌሩ የአንዲት ባልቴት ሻንጣ ይዞ ወጣ። ልጅቷ የለችም። ባልቴቷ ወደ መኪናው መጥተው፣ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ከኋላዋ ነበርኩ። ፓስፖርቷን ወስደው እሷንም ያዟት፤ አባትሽ ራሱ መጥቶ ይውሰድሽ አሏት። ለርስዎ እንድነግር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።"

ሾፌሩ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ።

"ድምፅዋ ጥሩ ነው" አለኝ። "አንድም ነገር አላጎደልክም።"

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። እሱ ከኋላ፣ ከትራሱ አጠገብ ተቀመጠ። የበርን ከተማን ካለፍን በኋላ፣ "አባ ፊት መዋሸት ነበረብኝ?" ሲል ጠየቀኝ። መስኮቱ ላይ የተውኩት የጸበል ጠርሙስ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። አፌን ከፈትኩ።

"አልነበረብህም ጋሼ" አልኩ።

በሳምንቱ አገር ገባ። እንዳይሄድ የለመኑት ነበሩ፤ እሱ ግን ሲደርስ እንደሚለቋት ብቻ ይናገር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩት በዚችው መኪና ነው። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን በእጁ አጠፋቸው፤ በወር አንዴ አስነሳት አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ አንድ ስደተኛ፣ ልጅቷ አባቷ በደረሰ ዕለት ወደ አክስቷ ቤት እንደተመለሰች ነገረኝ። አየር ማረፊያ አላገኘችውም። ከዚያ ወዲህ እሱን አየሁ ያለ ሰው የለም።

የሙቀት መለኪያው መሃል ሲደርስ አጠፋታለሁ። ሸራውን ከመመለሴ በፊት የኋላውን በር እከፍታለሁ። ልጅቷ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በመስኮቱ ለማየት አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር አያስፈልጋትም፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። ትራሱን አወጣለሁ፣ አቧራውን አራግፋለሁ፣ መልሼ በቦታው አስቀምጠዋለሁ።